ለእጃችሁ የሚስማማ የጊታር ፒክ እንዴት ይመረጣል?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጉ የተለያዩ ፒኮች]

ጤና ይስጥልኝ፣ ከደብረ ማርቆስ። ዛሬ የምናወራው ስለ ጊታር ፒክ ነው፤ በጣት ተይዞ ክሩ የሚመታበት ትንሽ መምቻ ማለት ነው። ጊታሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ክሩን የሚነካው ፒኩ ነው፤ ድምፁ የሚጀምረው እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ሱቁ ያለውን አንስቶ መውጣት አይበቃም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ወስኑ። ኮርድ (ብዙ ክር በአንድ ላይ) ልትገርፉ ነው ወይስ ሊድ (ዜማውን አንድ በአንድ) ልትጫወቱ? የክራር ተጫዋቾቻችን ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁታል። ድርድር ሲሆን በጣት ይጫወታሉ። ግርፍ ሲሆን በመምቻ ሁሉንም አውታር ይመታሉ፤ የማይፈለገውን አውታር በግራ እጅ ጣቶች ያፍናሉ። ጊታርም ላይ ሥራው ሲለያይ መሣሪያው መለየት አለበት።

ከሁሉም በፊት የምታዩት ውፍረቱን ነው። አብዛኛው ፒክ ላይ በሚሊሜትር ተጽፏል። በግምት ከ0.60 በታች ቀጭን፣ እስከ 0.80 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ወፍራም ይባላል።

[ምስል፦ ቀጭን ፒክ ክር ላይ ሲታጠፍ፣ በቅርበት]

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቀጭኑ ፒክ ክሩን ሲነካ መጀመሪያ ይታጠፋል፣ ከዚያ ተስፈንጥሮ ያልፋል። በቦክስ ጊታር ችክችካ ስትገርፉ ይህ ይጠቅማችኋል፤ እጃችሁ ስድስቱንም ክር ሳይደናቀፍ ያልፋል። በዚያው ፒክ የትዝታን ዜማ አንድ በአንድ ለማውጣት ስትሞክሩ ግን ኖታው ትንሽ ይዘገያል፣ ከድምፁ ጋር «ጠቅ» የሚል የፕላስቲክ ድምፅ ይሰማል። ፈጣን ቦታ ላይ ጭራሽ ይበላሻል። 1.0 ወይም 1.14 ስትይዙ ኖታው ልክ በገፋችሁበት ቅጽበት ይወጣል። ወፍራም ፒክ ግን ስለማይታጠፍ፣ መላላት ያለበት የእጅ አንጓችሁ ነው። አጥብቆ ለሚይዝ ሰው ክሩ ላይ ይነክስበታል። ለጀማሪ እኔ 0.73 እመርጣለሁ፤ ሁለቱንም ያስለምዳል።

ቀለም ውፍረት የሚናገርበት ጊዜም አለ። የዳንሎፕ ኩባንያ ቶርቴክስ የሚባለው ፒክ ቀዩ 0.50፣ ብርቱካናማው 0.60፣ ቢጫው 0.73፣ አረንጓዴው 0.88፣ ሰማያዊው 1.0፣ ሐምራዊው 1.14 ነው። በሌላ ኩባንያ ፒክ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ቁጥሩን አንብቡ።

ወደ ቅርጹ እንምጣ። የተለመደው ባለ ሦስት ማዕዘን መሳይ ፒክ ለሁሉም ይሆናል። ጃዝ የሚባለው ትንሽና ሹል ነው፣ ለሊድ ምቹ ነው፣ ለግርፍ ግን ከጣት ያመልጣል። ትልቁ ሦስት ማዕዘን ሦስቱም ጫፍ ስለሚሠራ ቤዝ ተጫዋቾች ይወዱታል። ሹል ጫፍ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ድቡልቡል ጫፍ ለስለስ ያለ። የተለመደውን ፒክ አዙራችሁ በትከሻው (ከላይ ባለው ድቡልቡል ማዕዘን) ብትመቱ ድምፁ ወዲያው ይለሰልሳል። ሌላ ፒክ ሳትገዙ ማለት ነው።

ከምን እንደተሠራም ለውጥ ያመጣል። ድሮ ምርጥ የሚባለው ከባሕር ኤሊ ቅርፊት የሚሠራው ነበር። ኤሊው ሊጠፋ ስለደረሰ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ታገደ፤ መታገዱም ደግ ነው። ቶርቴክስም እሱን ለመተካት በ1981 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ነው፤ ቶሎ አያልቅም፣ ገጹም ሸካራ ስለሆነ አያንሸራትትም። ሴሉሎይድ ሞቅ ያለ ድምፅ አለው፣ ግን ቶሎ ይበላል፣ እሳትም በቀላሉ ይይዘዋል፤ ከሻማና ከሲጋራ አርቁት። ናይለን ይተጣጠፋል፣ ድምፁም ለስላሳ ነው። በጥር ሠርግ ባሕር ዳር ዳስ ውስጥ ለሚጫወት ሰው፣ ያ ሙቀት እጅን ሲያልበው፣ መያዣው ላይ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ጽሑፍ ያለበት ናይለን ትልቅ እፎይታ ነው።

[ምስል፦ ካርድ በመቀስ ሲቆረጥ]

የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ በሌለበት ከተማ ያላችሁ፣ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ፈልጉ። ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው፣ ማለትም ልክ መካከለኛ ፒክ። ሲም ካርድ የሚነቀልበት ፕላስቲክም ያው ነው። በእርሳስ ነድፋችሁ በመቀስ ቁረጡ። ከዚያ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በጥፍር ሞረድ አለስልሱ። ይህን አትዝለሉ፤ ሻካራ ጠርዝ ክሩ ላይ ይፋጫል፣ ድምፁም ይቆሽሻል።

የምትጠቀሙበትን ፒክ አልፎ አልፎ ብርሃን ላይ እዩት። ጫፉ በአንድ በኩል ሰያፍ ሆኖ ተበልቶ ከሆነ፣ ወይ አለስልሱት ወይ ቀይሩት።