ሃልሽታት፤ የምኖርባት ግን የማልመርጥባት መንደር

እንኳን አደረሳችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ።

የዚህ የዘመን መለወጫ ዝግጅት አዘጋጆች ደውለው «ስለምትኖሪባት መንደር ትንሽ ንገሪን» ሲሉኝ እምቢ ልል ነበር። ግን ሆዴን ሲበላው የከረመ ነገር ስላለ እሺ አልኩ። እሱን ሳልናገር አልወርድም።

የኦስትሪያዋን መንደር ሃልሽታትን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከአገር ቤት ወይም ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣባችሁ ይዛችሁት ትመጣላችሁ፣ ሐይቁ ዳር ፎቶ ትነሳላችሁ፣ እኔ ጋ ቡና ትጠጡና ማታ ወደ ሊንዝ ትመለሳላችሁ። እኔ ግን እዚያው ነኝ። መኖር ከጀመርኩ ዘንድሮ 19 ዓመቴ ነው። ነዋሪው 750 ቢሆን ነው፤ በጋ ላይ በአንድ ቀን እስከ 10,000 ሰው ይገባል። ከዚያ ሁሉ ሰው ጥቂቱ ከሚያድርባቸው ማረፊያዎች በአንዱ ነው የምሠራው። አንሶላ እቀይራለሁ፣ ክፍል አጸዳለሁ፣ ጠዋት ደጁን እጠርጋለሁ።

መንደሯ በጨው የቆመች ናት። ከቤቶቹ በላይ ካለው ተራራ 7,000 ዓመት ያህል ጨው ሲወጣ ኖሯል። በ1846 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምነግራችሁ) ራምዛወር የሚባል የማዕድኑ አለቃ እዚያ ላይ የጥንት መቃብር አገኘ። እስከ 1863 ድረስ 980 ያህል አስቆፈረ። የተገኘው ዕቃ ብዛቱ ለጉድ ነው፤ የአውሮፓ የብረት ዘመን መጀመሪያ በዚህች ትንሽ መንደር ስም ይጠራል። ጨዉ ደግሞ ኦስትሪያን ይገዙ የነበሩት የሀብስቡርግ ነገሥታት ሀብት ነበር። ከ1595 ጀምሮ የጨው ውሃውን እስከ ኤበንዜ፣ 40 ኪሎ ሜትር የሚያወርድ ቧንቧ አሠሩ። ብረት እንዳይመስላችሁ፤ ውስጡ ተቦርቡሮ ጫፍ ለጫፍ የተገጠመ ግንድ ነው፣ 13,000 ግንድ። እኛም አገር አሞሌ ጨው ገንዘብ ነበር አይደል? አያቴ አንገቷ ላይ የምታስረው ጠገራ ብር ነበራት፤ የአንዲት ወፍራም ሴትዮ ፊት ያለበት፣ 1780 ተብሎ የተጻፈበት። ሴትዮዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። የዚህ የጨው ተራራ ጌታ የነበረችው ንግሥት! ይህን ያወቅሁ ቀን ብቻዬን አለቀስኩ። አያቴ ሳታውቀው የዚህን አገር ብር በአንገቷ ይዛ ነው የኖረችው።

አንድ ቦታ ግን ቸኩላችሁ ስለምትመለሱ አታዩትም። መንደሯ ጠባብ ናት፤ ከኋላ ተራራ፣ ከፊት ሐይቅ። ለሙት እንኳ ቦታ አልነበረም። ስለዚህ ድሮ ሰው ከተቀበረ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ አፅሙ ይወጣና ጉድጓዱ ለሌላ ይለቀቃል። የራስ ቅሉን ፀሐይና ነፋስ ላይ ያቆዩታል፤ ሲነጣ ግንባሩ ላይ የአበባ ወይም የቅጠል ጉንጉን ይስሉበታል። ስም ይጽፉበታል፣ ዓመት ይጽፉበታል። በቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ከ1,200 በላይ ተደርድረዋል፤ 610 ያህሉ ሥዕል አላቸው። የመጨረሻዋ በ1983 የሞተች ሴት ናት፤ ራሷ ተናዛ በ1995 ገባች። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አማትቤ ወጣሁ። አሁን ግን ሥራ ሲያደክመኝ ገብቼ እቆማለሁ። ከ200 ዓመት በፊት የሞተ ጨው ቆፋሪ ስሙ አልጠፋም፣ ግንባሩ ላይ አለ። እኔ በሕይወት ቆሜ፣ ስሜ የመንደሯ የመራጮች መዝገብ ላይ የለም።

የመጣሁበት ጉዳይ ይሄ ነው።

ገማይንደ የሚሉት ነገር፣ የመንደሩ ወይም የከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ ለዚህ አገር ሰው ቀላል ነገር አይደለም። በ1849 የወጣው ሕግ ሲጀምር «የነፃ መንግሥት መሠረቱ ነፃ ገማይንደ ነው» ይላል። የዛሬው ሕገ መንግሥትም ራሱን በራሱ የማስተዳደር መብት ይሰጠዋል። ሃልሽታት ሰባት መቶ ምናምን ሰው ይዛ የራሷ ምክር ቤት አላት፣ የራሷ ከንቲባ አላት። ሃልሽታት ባለችበት ክፍለ ግዛት፣ በላይኛው ኦስትሪያ፣ በየ6 ዓመቱ ሕዝቡ ምክር ቤቱንም ከንቲባውንም በቀጥታ ይመርጣል። የውሃው፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ፣ የመኪና ማቆሚያው ጉዳይ እዚያ ይወሰናል። ከ2020 ጀምሮ የቱሪስት አውቶቡስ ሰዓት ሳያስይዝ አይገባም፤ እሱም ከዚያው የመጣ ነው። ቻይናዎች መንደሯን ቤት በቤት ገልብጠው በ2012 ጓንግዶንግ ውስጥ ሠርተዋታል። ሐይቁንም ቤተ ክርስቲያኑንም ሠሩት። ምክር ቤቱን ግን ማንም አይገለብጠውም፤ እሱ የሚኖረው ነዋሪው ሲኖር ነው።

ታዲያ ነዋሪው ማነው?

አሠሪዬ ከደመወዜ ላይ አስቦ በየወሩ 3 በመቶ ለገማይንደው ይከፍላል። ከሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር መጥቶ የተመዘገበ ሰው ይመርጣል። ይምረጥ፣ አልቃወምም። እኔ 19 ዓመት ጠርጌ አልመርጥም። ቪየና ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው የወረዳ ምርጫ ልትፈቅድ ሞክራ ነበር፤ በ2004 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሻረው። «ዜግነት አውጪ» ትሉኛላችሁ። የገቢው መስፈርት አለ፣ ክፍያው አለ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የኢትዮጵያን ፓስፖርት አስረክቢ ነው። ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው፣ ይበቃሻል የሚለኝ አለ። እናቴን ለመቅበር በራሴ ፓስፖርት የሄድኩ ሰው ነኝ፤ እሱን ማስረከብ እንዴት እንደሚከብድ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጄስ? እዚሁ ተወለደች፣ የመንደሩን ጀርመንኛ ከእነሱ እኩል ትናገራለች። በ2024 የፓርላማ ምርጫ የክፍል ጓደኞቿ በ16 ዓመታቸው ድምፅ ሰጥተው ሲመጡ እሷ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ «እማዬ፣ እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ይህቺ መንደር ድምፅ የሌለውን ሰው ከዚህ በፊትም አይታለች። በ1734 ከሃልሽታትና ከጎረቤት መንደሮች ፕሮቴስታንት የሆኑትን ከቤታቸው አስወጥተው ዛሬ ሩማኒያ ውስጥ እስካለችው ትራንሲልቫኒያ ሰደዷቸው። የቀሩት ተደብቀው ጸለዩ። በ1781 ጸሎት ቤት ተፈቀደላቸው፤ የደወል ማማ እንዳይኖረው ተብሎ። እኩል መብት ያገኙት በ1861 ነው፤ ከ2 ዓመት በኋላ ሐይቁ ዳር ቤተ ክርስቲያን ከነማማው አቆሙ። እናንተ ከኋላችሁ አድርጋችሁ ፎቶ የምትነሱት ሹሉ ማማ እኮ እሱ ነው! የተባረሩት ሰዎች ወገኖች ማማ ነው!

በ2023 ነሐሴ ነዋሪው የቱሪስቱ ብዛት አንገፍግፎት አውቶቡስ የሚገባበት መንገድ ላይ ወጣ። መቶ ያህል እንሆናለን። ጎረቤቴ፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ እጄን ይዛኝ ቆመች። አንድ ቀን ሾርባ እየጠጣች ሳለ የማታውቀው ሰው በሯን ከፍቶ ገብቶ ካሜራ አውጥቶባታል፤ ሙዚየም መስሎት። «ያንቺም ቤት ነው» አለችኝ ያን ዕለት። ከዚያ ሁሉ ዓመት ይህን ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ቅር ይበላችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የኦስትሪያ ፓስፖርት ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ያለፈው የገማይንደ ምርጫ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 16 ነበር፣ የደመራ ዕለት። ለደመራ ነጭ ለብሳችሁ ተሰብስባችኋል፤ ደስ ይላል። ስንቶቻችሁ በመንገዳችሁ ድምፅ መስጫው ጋ ጎራ አላችሁ? ስደውልላችሁ «ሥራ ነበረኝ»፣ «ምን ይለውጣል» አላችሁኝ። እኔ የምለምነውን ነገር እናንተ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋችሁበታል! የኪራዩ፣ የልጆቻችሁ መዋዕለ ሕፃናት ነገር ሲነሳ እዚህ ትጮኻላችሁ፤ መጮኽ ያለበት ቦታ ላይ የላችሁም። በ2027 እንደገና ምርጫ ነው። ምክንያት እንዳታመጡልኝ።

ፓስፖርት የሌለንም የምንችለው ነገር አለ። የምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሕጉ ነው። መናገር ባይቻል መስማት ይቻላል። እኔ እየሄድኩ የኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ዞረው ያዩኝ ነበር፤ አሁን ሰላም ይሉኛል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ብቻዬን መቀመጥ አልፈልግም። ባቡሩ የሚያወርዳችሁ ከሐይቁ ማዶ ነው፤ ከዚያ በጀልባ ትሻገራላችሁ። ስብሰባው ማታ ስለሆነ መመለሻ ጀልባ አታገኙም፤ እኔ ቤት ታድራላችሁ። ፍራሽ አለ፣ ሽሮ አለ። የምትመጡ ስማችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ለልጄ አስመዝግቡ፤ በሩ ጋ ደብተር ይዛ ቆማለች።