ድንክ ዘንዶ እና የደጋ ሰው

ትዕግስት፦ እንደምን ከረማችሁ! የደብረ ብርሃን ውርጭ ዛሬ ጠዋት ጉድ ነው የሠራን። ሻዬን ታቅፌ ነው የተቀመጥኩት። ሄኖክ ደግሞ ስለ እባብ እናውራ ብሏል።

ሄኖክ፦ ስለ ዘንዶ።

ትዕግስት፦ ባሰ!

ሄኖክ፦ ቆይ፣ ይሄኛው ክንድ ከጋት ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሲመዘን ደግሞ ከ200 ግራም ብዙ አይርቅም።

ትዕግስት፦ ታዲያ ምኑን ዘንዶ ሆነ? እኛ ዘንዶ ስንል ፍየል የሚውጠውን ነው።

ሄኖክ፦ እሱ የኛ አገሩ ነው፣ ከ4 ሜትር በላይ ያድጋል። ይሄ ግን በዘንዶ ወገን ውስጥ ከሁሉም ትንሹ ነው። አገሩ ምዕራብ አውስትራሊያ ነው፤ ፒልባራ የሚባል ደረቅና ሞቃት ምድር። የምስጥ ኩይሳ ውስጥ ይገባል። የሳይንስ ስሙ አንታሬሲያ ፐርተንሲስ ነው። በ1932 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስም ሲወጣለት በፐርዝ ከተማ ተጠራ፤ ፐርዝ አካባቢ ግን የለም።

ትዕግስት፦ ጎረቤት ስሙን ሲሳሳት እንደሚቀረው ማለት ነው። አንተ ግን ከየት አገኘኸው?

ሄኖክ፦ የአጎቴ ልጅ ሜልበርን ነው ያለው። እዚህ አድጎ እዚያ ሄዶ ዘንዶ ያረባል! መጀመሪያ ፈቃድ አውጥቷል። እኛም አገር ቢሆን የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን አለ። ስለዚህ አድማጮቻችን፣ ቆላ ወርዳችሁ እባብ በማዳበሪያ እንዳታመጡልን።

ትዕግስት፦ እኔ ቤት ደጃፍ እንዳታደርሱት ብቻ። ከአውስትራሊያ ውጭ ብርቅ የሆነው ግን ለምንድን ነው?

ሄኖክ፦ አውስትራሊያ አገር በቀል ተሳቢዎቿን ከነሕይወታቸው ለንግድ ወደ ውጭ አትልክም። አውሮፓና አሜሪካ ያለው እዚያው በሰው እጅ የተፈለፈለ ነው። ዘንዶዎች በሙሉ ደግሞ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ስላሉ ያለ ወረቀት ድንበር አይሻገሩም። ሻጩ «ከዱር የመጣ ነው» ብሎ ከኮራ ጥለህ ውጣ ነው የአጎቴ ልጅ የሚለኝ። የዱሩ ቅማልና የሆድ ትል ይዞ ይመጣል። ምግብም እንቢ ይላል።

ትዕግስት፦ ጤነኛውን በምን ይለያል?

ሄኖክ፦ ዓይኑ ዙሪያ ጥቃቅን ጥቁር ነገር ካለ ቅማል ነው። አፉ ላይ አረፋ ከታየ ሳንባው ታሟል። ከሁሉም በላይ ግን ሲበላ ካላየ ገንዘቡን አያወጣም።

ትዕግስት፦ እሺ፣ እንበልና ደብረ ብርሃን ገባ። ባና እንደርብለታለን።

ሄኖክ፦ እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው! ባና ያንቺን ሙቀት ነው የሚያቆይልሽ። እሱ ደግሞ የራሱ ሙቀት የለውም፤ በባና የተጠቀለለ ድንጋይ በይው። ሙቀቱ ከውጭ መምጣት አለበት። የሚኖርበት ሳጥን አንዱ ጫፍ 32 ዲግሪ ገደማ፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ፣ 25 ገደማ። ሲሞቀው ይሸሻል፣ ሲበርደው ይመለሳል። ማሞቂያውን ሙቀት ሲበዛ በራሱ በሚያጠፋው መሣሪያ፣ በቴርሞስታት፣ ካልተቆጣጠሩት ሆዱን ያቃጥለዋል።

ትዕግስት፦ መብራት ሲጠፋስ?

ሄኖክ፦ እሱማ... የበላውን መፍጨት ያቅተዋል። ደጋ ላይ ይሄ ትልቁ ራስ ምታት ነው።

ትዕግስት፦ ምን ይበላል?

ሄኖክ፦ በተፈጥሮው እንሽላሊት ይወዳል። አዲስ የተፈለፈለው ጫጩት የአይጥ ግልገል ሲሰጡት ዞር ብሎ አያይም። ልጁ ምን አደረገ መሰለሽ? የእንሽላሊት ቅርፊት ፈለገ፣ ገና ያወለቀውን። በረዶ ቤት የነበረውን የአይጥ ግልገል በሙቅ ውኃ አቅልጦ፣ አድርቆ፣ በቅርፊቱ አሸት አሸት አደረገው። በረጅም መቆንጠጫ ይዞ ጠበቀ። ዘንዶው ምላሱን አወጣ፣ አስገባ። ሁለት ጊዜ ራሱን አዞረ። ከዚያ ቀጭ! ተጠመጠመበት። ቪዲዮውን አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ።

ትዕግስት፦ ሞቶ ነው የሚሰጠው?

ሄኖክ፦ አዎ። ያደገች አይጥ በሕይወት ካለች እሷ ነች የምትነክሰው። ሌላው ማምለጥ ነው። ትንሽ ክፍተት ለሱ በር ነው። አንድ ጊዜ ጠፍቶበት በሦስተኛው ቀን ከፍሪጅ ጀርባ፣ ሞተሩ የሚሞቅበት ቦታ ተጠቅልሎ ተገኘ።

ትዕግስት፦ እናቱ ይህን ሰምተዋል?

ሄኖክ፦ አክስቴ መጀመሪያ በስልክ ስታየው «በስመ አብ!» ብላ ስልኩን ምንጣፉ ላይ ወረወረችው። ሁለት ሳምንት አላናገረችውም። አሁን ስትደውል ልጇን ሰላም ካለችው በኋላ «ያ ነገርህ በላ?» ትለዋለች።