ጆሮው ቤት የቀረ ተማሪ

ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ባልና ሚስት ጠብ ነው። ከባልና ሚስቱ ይልቅ ግን ስለ ልጃቸው ነው። ስለ ልጃቸው የትምህርት ውጤት።

እስቲ አንድ ዘበኛ አስቡ። ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ያደረ። ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ የሚል። ጥላ ባየ ቁጥር ልቡ ድው ድው የሚል። ሲነጋ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ “ና፣ ሒሳብ ተፈተን” ተባለ። ጥያቄውን ያነባል። እንደገና ያነባል። በር ጓ ሲል ዞር ይላል። እጁ እርሳስ ይዟል፣ ጆሮው ግን አሁንም ጥበቃ ላይ ነው። ይሄን ሰው ሰነፍ ትሉታላችሁ? እኔ አልለውም!

ወላጆቹ የሚጨቃጨቁበት ልጅ ይሄ ዘበኛ ነው። በሩ ሲከፈት “አባዬ ዛሬ እንዴት ሆኖ ገባ?” ይላል። እናቱ ሳህን ስታስቀምጥ ድምፁን ይለካል። ማንም አልቀጠረውም፣ ተተኪም የለውም።

ሳይንሱን ቶሎ ቶሎ ልበለው። እ.ኤ.አ. በ1994 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፓትሪክ ዴቪስና ማርክ ከሚንግስ የስሜት ደኅንነት የሚባል ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። ልጅ “ቤቴ አይፈርስም” ብሎ መተማመን ይፈልጋል። ይሄ ሲናጋ ሐሳቡ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ኮርቲሶልን ታውቁታላችሁ፣ የጭንቀቱ ሆርሞን። እሱ ሲበዛ ያነበቡትን ይዞ ማሰላሰል ይከብዳል። እንቅልፍም አለ። ሞና ኤል-ሼክ የምትባል ተመራማሪ የልጆችን እንቅልፍ እጅ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ለካች። ጭቅጭቅ በበዛበት ቤት ያሉት የሚተኙት ለአጭር ጊዜ ነው፣ እሱም የተቆራረጠ።

አሁን ኮሜንት ላይ ደጋግማችሁ ወደጻፋችሁልኝ ልምጣ። “እኛ ልጅ ፊት አንጣላም፤ ስንኮራረፍ ዝም ነው የምንባባለው።” ወዳጆቼ፣ ኩርፊያም ጠብ ነው! “ለአባትህ ምሳ ቀርቧል በለው።” “እናትሽን ቁልፉ የት እንዳለ ጠይቂያት።” ሦስታችሁም እኮ አንድ ክፍል ውስጥ ናችሁ! ልጁን ዘበኛነቱ ሳያንሰው መልእክተኛም አደረጋችሁት። ጩኸት ቢያንስ ያልቃል፣ ኩርፊያ መቼ እንደሚያልቅ ግን ልጁ አያውቅም። ስለዚህ ጥበቃው ይቀጥላል።

“ተኝቷል፣ አይሰማም” የምትሉም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ6 እስከ 12 ወር የሆናቸውን ሕፃናት በእንቅልፍ ላይ እያሉ አንጎላቸውን በኤምአርአይ አየ። የተቆጣ ድምፅ ሲሰማ፣ ጭቅጭቅ ካለበት ቤት የመጡት ከጭንቀትና ከስሜት ጋር የተያያዘው የአንጎላቸው ክፍል ይበልጥ ነቃ። ተኝተው! ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው!

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ተመራማሪው ጎርደን ሃሮልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ጠቡን ከልጆቹ ውጤት ጋር ያገናኘው ልጁ ራሱን መውቀሱ ነበር። “በእኔ ምክንያት ነው የሚጣሉት።” እስቲ አስቡት፣ ጠቡ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲሆን፣ ወይም “ልጁን ያበላሸኸው አንተ ነህ!” ሲባል፣ ልጁ ሌላ ምን ይደምድም?

አትጣሉ አልላችሁም፣ አብሮ የሚኖር ሰው ይጋጫል። ግን ብዙዎቻችን ሳሎን ተጣልተን መኝታ ቤት እንታረቃለን። ልጁ የሚያየው ጠቡን ብቻ ነው። ከሚንግስ ደጋግሞ እንዳሳየው፣ ልጆች ጠቡ ሲፈታ ካዩ ጭንቀታቸው በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ንገሩት፦ “ተጣልተን ነበር፣ ታርቀናል፣ ባንተ ምክንያት አይደለም።” አንዴ ብቻ አይበቃም፣ በተጣላችሁ ቁጥር ንገሩት።

ዱላ ያለበት ቤት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ መጀመሪያ ልጁንና የሚደበደበውን ሰው ከአደጋ ማውጣት ነው። በሚቀጥለው ቪዲዮ እሱን ብቻ ይዤ እመጣለሁ። እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ጥያቄ ካላችሁም ከታች ጻፉልኝ።