ከጥምቀት ጠዋት ጋር ቀጠሮ ያለው ቁጥር

ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስለ 2,147,483,647። ከሁለት ቢሊዮን በላይ ነው። እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ከጤፍ እንነሳ። ዛሬ አንዲት ፍሬ ጤፍ አስቀምጡ። ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ አራት፣ ቀጥሎ ስምንት። በየቀኑ የትናንቱን እጥፍ። 31ኛው ቀን ላይ አቁሙና ሁሉንም አንድ ላይ ቁጠሩት። ድምሩ ልክ ይህ ቁጥር ነው። አንድ ፍሬ አይጎድልም፣ አንድ ፍሬ አይተርፍም። 31 ሁለቶችን አባዝቶ አንድ እንደ መቀነስ ነው።

ታዲያ ይህ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ነው? ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም? መልሱን በ1772 እ.ኤ.አ. የሰጠው የሂሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። የሚኖረው ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ነበር፤ ዓይኖቹ ያኔ ማየት ተስኗቸዋል። በተለመደው መንገድ ቢሄድ እስከ 46,340 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ መሞከር ነበረበት። ወደ 4,800 ገደማ ናቸው። ለምን እስከዚያ ብቻ? ከዚያ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው፣ የዚያ አካፋይ ጥንድ የግድ ከዚያ በታች ስለሚሆን ነው።

ኦይለር ግን መጀመሪያ አሰበ። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ ያ አካፋይ ራሱ ለ248 ሲካፈል ቀሪው ወይ 1 ወይ 63 መሆን አለበት። በዚህ ወንፊት ሲነፋ ከመቶ ያነሱ ቁጥሮች ብቻ ቀሩ። ሞከራቸው። አንዱም አላካፈለውም። ብቸኛ ነው! ሰውየው ማስላት ከመጀመሩ በፊት ምኑን ማስላት እንደማያስፈልገው ማወቁ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አሁን ወደ ኪሳችሁ እንምጣ። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚያውቁት ሰከንድ በመቁጠር ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የድሮዎቹ ለዚህ ቆጠራ 32 ቦታ ብቻ አላቸው፤ እያንዳንዱ ቦታ የሚይዘው 0 ወይም 1 ብቻ ነው። አንዱ ቦታ ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ይሄዳል፤ 31 ይቀራል። በዚያ ውስጥ የሚገባው ትልቁ ቁጥር ይኸው የእኛው ቁጥር ነው።

መቼ ይሞላል? ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ። አዎ፣ በጥምቀት ጠዋት! ሕዝቡ ጃን ሜዳ ተሰብስቦ ሳለ። ካልተስተካከለ፣ አንድ ሰከንድ ሲጨመር የምልክቱ ቦታ ወደ መቀነስ ይገለበጥና ሰዓቱ ወደ ኋላ ዘሎ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ይገባል፤ አጤ ምኒልክ ዙፋን ላይ ወደነበሩበት ዘመን። አዳዲስ ስልኮች በ64 ቦታ ስለሚቆጥሩ አያሳስቡም። የሚያሳስቡኝ ተገጥመው የተረሱት አሮጌ መሣሪያዎች ናቸው። እነሱን ፈልጎ ማስተካከል ከወዲሁ የሚጀመር ሥራ ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። 11 ሁለቶችን አባዙና አንድ ቀንሱ። 2,047 ይመጣል። ብቸኛ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ፍንጭ ልስጣችሁ፦ አካፋዮቹ ለ22 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ነው። ጠመኔው ይኸው። ማን ይምጣ?