ልቡ የወጣ ግንድ፦ ከማገዶ ክምር ወደ በርጩማ

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ማይክሮፎኑ ሁለት ጉማጆች መሃል ነው ያለው። በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ ላድርጋቸው፣ ስሙ። ኳ፣ ኳ። ይሄ አንዱ ነው። ድም፣ ድም። ይሄ ደግሞ ሌላው። ሁለቱም የሀበሻ ጥድ ናቸው። ሁለቱም ልባቸው ወጥቷል፤ በአንዱ ጫፍ ብታዩ በሌላው ብርሃን ይታያል። የመጀመሪያው በርጩማ ይሆናል። ሁለተኛው ከምጣድ ሥር ይግባ። ልዩነታቸው ባዶው ላይ ሳይሆን በባዶው ዙሪያ የቀረው ግድግዳ ላይ ነው፤ የዛሬው ወሬያችንም ስለዚያ ግድግዳ ነው።

ከአዲስ አበባ በፈለጋችሁት አቅጣጫ ውጡ፤ በሱሉልታ፣ በሆለታ መንገድ፣ በሰበታ፣ በሰንዳፋ። ማገዶ በተከመረበት ሁሉ አንድ ጥግ የተጣለ ክፍት ግንድ አይጠፋም። መሰንጠቂያ ቤት አይወስደውም፣ ጣውላ አይወጣውማ። ማገዶ ሻጩም አይወደውም፤ ቦታ ይይዛል እንጂ እንጨቱ ትንሽ ነው። የገጠር ሰው ግን ይህን ግንድ ድሮም አልናቀው። ቀፎ አድርጎታል፣ የከብት ማጠጫ ገንዳ አድርጎታል፣ ከበሮ አድርጎታል። ከተማ ዳር ሲደርስ ነው ስም የጠፋበት።

ግንድ ለምን ይቦረቦራል? ቅርንጫፍ ሲገነጠል ወይም እሳት ግንዱን ሲልሰው ቁስል ይከፈታል። በዚያ በኩል ፈንገስ ይገባና ልቡን ይበላል። ልቡ የሞተ እንጨት ስለሆነ ዛፉ አይሞትም፤ በውጩ ነጭ እንጨት ውሃውን እየሳበ ይኖራል። የጥድ ልብ ዘይት አለው፣ ምስጥም ነቀዝም በቀላሉ አይደፍረውም። ይህንኑ ልብ መርጦ የሚበላ ፈንገስ ግን አለ። ለዚህ ነው ያረጀ ጥድ ከውጭ አምሮበት ቆሞ ከውስጥ ዋሻ የሚሆነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። የቆመ ጥድ፣ ኮሶ ወይም ዝግባ ለበርጩማ ብሎ መቁረጥ ነውርም ነው፣ ያስጠይቃልም። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 1065 አለ፤ የደን ውጤት በመኪና ሲንቀሳቀስም ፈቃድ ይጠየቅበታል። የምናወራው ነፋስ ስለጣለው፣ ማገዶ ክምር ላይ ስላለው፣ በደብር ቅጥር ውስጥ ወድቆ አስተዳዳሪው ‘ውሰዱት’ ስላሉት ግንድ ነው።

የትኛው እንጨት ይሻላል? ከቻላችሁ ጥድ። ሲደርቅ ብዙ አይኮማተርም፣ በመሮ ይታዘዛል፣ ሽታውም ቤት ይሞላል። ወይራ ከድንጋይ እኩል ነው፤ ውበቱ አይጠገብም፣ ግን መሮ ይበላል፣ ቀስ ብሎ ካልደረቀም ይተረተራል። ብሳና ቀላልና ለስላሳ ነው፣ ነቀዝ ግን ይወደዋል። ሾላና ዋርካ ሰፊ ክፍት ይሰጧችኋል፣ ለአበባ ማስቀመጫ ይሁኑ፣ መቀመጫ አታድርጓቸው። ባሕር ዛፍ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ግንዱ ቆሞ ሳለ ውስጡ ውጥረት ይይዛል፤ ገና መጋዝ ሲያልፍበት እየተንጣጣ ከጫፉ ይከፈላል። የደረቀ አሮጌ ጉቶ ካልሆነ አልመክርም።

ስትመርጡ መጀመሪያ ድምፁ ነው። ጤነኛ ግድግዳ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የበሰበሰው እንደ ጭድ ጆንያ ድም ብሎ ይቀራል። ግንዱን እያዟዟራችሁ በየአንድ ስንዝሩ ምቱት፣ አንዱ ጎን ጮኾ ሌላው ዝም ሊል ይችላልና። ከዚያ ትልቅ ምስማር ያዙና የአፉን ከንፈር ውጉ። በእጅ ጉልበት ብቻ ከ3 ወይም ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከገባ ያ ቦታ ቡሽ ሆኗል፣ ሊወጣ ነው። ቡሹ ወጥቶ ጤነኛው ግድግዳ 3.5 ሴንቲ ሜትር ካልቀረው ተዉት። እጃችሁን ወደ ውስጥ ከመስደዳችሁ በፊት ግን በረጅም ዘንግ ውስጡን ነካክታችሁ ጥቂት ቆዩ። ንብ ሊኖር ይችላል፣ እባብም ቤቱን አይለቅም።

ለመቀመጫ የሚሆን ግንድ ከውጭ ወደ ውጭ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ከፍታው ጠረጴዛ ጋ ለሚቀመጥ ሰው ከሆነ 45፣ ቡና ለምታፈላ ሰው ከሆነ 22 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ስትቆርጡ በሁለቱም ጫፍ አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ፤ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ጫፉ ነውና ያንን ትጥሉታላችሁ። ቅርፊቱን በዚያው ቀን ላጡት። ‘ቅርፊቱ ያምራል፣ ይቆይ’ የሚል ብዙ አለ። ቅርፊት ሥር ግን ነቀዝ እንቁላሉን ይጥላል፣ እርጥበትም ይታመቃል፤ ከርሞ ደግሞ ራሱ ተልጦ ይወድቃል። ልጣችሁ እንደጨረሳችሁ፣ እንጨቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ ነቀዝ የሚከላከሉትን ዱቄቶች፣ 60 ግራም ቦራክስና 40 ግራም ቦሪክ አሲድ፣ በአንድ ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ አሟሙታችሁ ውስጡንም ውጩንም ሁለት ጊዜ ቀቡት። መድኃኒቱ እርጥበቱን ተከትሎ ነው ወደ ውስጥ የሚሰርገው፤ በደረቀ እንጨት ላይ ላዩን ብቻ ይቀራል። ውጭ ዝናብ ለሚመታው ዕቃ አትድከሙ፣ ታጥቦ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው። እንጨት ሲደርቅ በዙሪያው የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ሙሉ ግንድ ላይ ዙሪያው ሊጠብ ሲል መሃሉ እምቢ ይለዋል፣ ስለዚህ እስከ ልቡ ይተረተራል። ክፍት ግንድ ላይ እምቢ ባዩ የለም። ቀለበቱ አንድ ላይ ይጠብባል። ይህ የሚሆነው ግን ግድግዳው በየቦታው እኩል ውፍረት ካለው ነው። አንዱ ጎን 2 ሴንቲ፣ ሌላው 7 ሴንቲ ከሆነ ቀጭኑ ቀድሞ ደርቆ ይጠብባል፣ ወፍራሙ ገና ውሃ ይዞ ቁጭ ብሏል። ስንጥቁ የሚመጣው ሁለቱ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው። ‘ግንዱ መጥፎ ነበር’ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የተፈጥሮ ሳይሆን የውፍረት ጥፋት ነው።

እኩል መሆኑን በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ እንዴት ታውቃላችሁ? ታንኳ ከግንድ የሚፈለፍሉ ሰዎች የሚጠቀሙባት ዘዴ አለች። ከቀርከሃ ቀጫጭን ችንካሮች ቅረጹ፣ ልክ 35 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው። አንዱን ጫፋቸውን ከሰል ላይ ነካ አድርጋችሁ አጥቁሩ። ከግንዱ ውጭ በኩል በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በ4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ 35 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ብሱና ጥቁሩን ጫፍ ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ችንካሩን እስከ ጀርባው ምቱት። ከዚያ ከውስጥ ትፈለፍላላችሁ። መሮው እየበላ እየበላ ይሄድና ድንገት ከቀዩ እንጨት መሃል የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ብቅ ትላለች። እዚያ ጋ ቁሙ። ቀጥሎ ያለችው ነጥብ እስክትወጣ ወደዚያ ተሻገሩ። ሁሉም ነጥቦች ሲታዩ ግድግዳው 35 ሚሊ ሜትር ሆኗል ማለት ነው። ችንካሮቹ እዚያው ይቀራሉ። ከውጭ ሲታዩ በመስመር የተተከሉ ትንንሽ ዓይኖች ይመስላሉ፤ ለእኔ ከየትኛውም ጌጥ ይበልጣሉ።

መፈልፈያው ረጅም እጀታ ያለው ጎባጣ መሮ ቢሆን ይመረጣል። የበሰበሰው ክፍል ቡናማ ሆኖ በትንንሽ ኩብ ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ፤ ያ በብረት ዘንግ ተፍቆ ይወጣል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ያ ብናኝ ሳንባ አይወድም። በፍም ማቃጠል ያቀላል የሚሉ አሉ። ያቀላል፤ ግን እሳቱ ያገኛትን ስንጥቅ ተከትሎ ይሮጣል፣ ግድግዳውንም በአንድ በኩል ብቻ ያደርቀዋል፤ አሁን የሸሸነውን ያልተስተካከለ አደራረቅ በእጃችን ጠራነው ማለት ነው። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ወፍራም ግድግዳ ካልሆነ፣ ከንፈሩም በእርጥብ ጭቃ ካልተመረገ፣ አትሞክሩት።

ማድረቁ የትዕግሥት ሥራ ነው። ጥሩው ወቅት ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ግን የጥቅምትና የኅዳር ነፋስ ደረቅ ነው፣ የቀን ፀሐዩም ያቃጥላል። ግንዱን ከጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ ጥላ ላይ፣ ሁለት አጣና ላይ አጋድሙት፤ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ጫፎቹን የተረፈ ቀለም ወይም የቀለጠ ሰም ቀቡ፣ ምክንያቱም እንጨት በጫፉ በኩል ከጎኑ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይደርቃል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሁለቱንም አፍ በጆንያ ሸፍኑ፤ ክፍት ከተተወ ነፋሱ እንደ ጭስ ማውጫ በውስጡ እያለፈ ከንፈሩን ይሰነጥቀዋል። በሳምንት አንድ ቀን ሩብ ዙር አዙሩት። ደረቀ ወይ? ሚዛን ይነግራችኋል። የጥራጥሬ ሚዛን ላይ በየሳምንቱ መዝኑና ከጎኑ በእርሳስ ጻፉበት። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ቁጥሩ ካልቀነሰ ደርቋል። ለ35 ሚሊ ሜትር ግድግዳ አንድ በጋ ያስፈልጋል፤ ‘በወር ይደርስልኛል’ ለሚል ደንበኛ እምቢ ማለት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ስንጥቅ ሊመጣ ይችላል። አትደንግጡ፤ ቦታውን ግን እናንተ ምረጡለት። ትንሽ ጭረት የጀመረበትን ጎን ከላይ እስከ ታች በመጋዝ አንድ ጊዜ ሰንጥቁት። ሲደርቅ ውጥረቱ ሁሉ በዚያ ይተነፍሳል፣ ሌላው ዙሪያ ይድናል። ደርቆ ካለቀ በኋላ ክፍተቱን በሽብልቅ ቅርጽ በተላገ ቀጭን እንጨት ሙሉት። ኮላ የሚቀባው በአንዱ ጎን ብቻ ነው። በሁለቱም በኩል ካጣበቃችሁት የሚቀጥለው በጋ ከአጠገቡ አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል። ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መጠቅጠቅም ይህንኑ ያመጣል፤ በዚያ ላይ ዘይት ሲቀባ ነጭ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል።

ታቹን ስታስተካክሉ ሙሉ ክብ ከንፈር መሬት እንዲነካ አትድከሙ፤ የኛ ቤት ወለል መቼ ልክ ሆኖ ያውቃል? ከከንፈሩ ላይ በሦስት ቦታ የእጅ መዳፍ ስፋት ያለው እግር ተዉና በመካከላቸው ያለውን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አንሱት። ባለ ሦስት እግር አይናወጥም፤ በእግሮቹ መሃል አየር ስለሚያልፍም ታቹ አይሻግትም።

ለመቀመጫው ጣውላ ክቡ ውስጥ አጣብቃችሁ የምትጨርሱ ከሆነ ክረምት ላይ ጣውላው ያብጥና ግንዱን ይሰነጥቀዋል። ጣውላ ግድ ከሆነ በዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፣ መሃሉ ብቻ ከሥር ባለ መስቀለኛ እንጨት ላይ ይታሰር። ለእኔ ግን የዚህ ወንበር መቀመጫ ጠፍር ነው፤ እንደ ጠፍር አልጋ። የ35 ሴንቲ ግንድ ዙሪያው 110 ሴንቲ ገደማ ስለሆነ በየ4 ሴንቲው ቢበሳ 28 ቀዳዳ ይሆናል። ቁጥሩ ለ4 መካፈል አለበት፦ ከላይ 7፣ ከታች 7፣ ከቀኝ 7፣ ከግራ 7። 7 መስመር በቁመት ይዘረጋል፣ 7 ደግሞ በአግድም አንዴ ከላይ አንዴ ከሥር እያለ ይጠላለፋል። ስፋቱ 1.5 ሴንቲ የሆነ ጥሬ የበሬ ቆዳ ጠፍር ወደ 8 ሜትር ይፈጃል።

ቀዳዳውን ከከንፈሩ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ብሱ። 2 ሴንቲ ላይ ከበሳችሁት ጠፍሩ ወደ ላይ ሲስበው እንጨቱ በቁመቱ ተፈልጦ ይወጣል። ይሄ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ከማንኛውም ስንጥቅ ቢያንስ 3 ሴንቲ ራቁ። የቀዳዳውን አፍ በብርጭቆ ወረቀት አድቦልቡሉት፣ ሹል ከሆነ ቆዳውን እንደ ቢላ ይበላዋል። ጠፍሩ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር። ስትወጥሩት በእጅ ጠበቅ ይበቃል፣ በጉጠት አትጎትቱ፤ ሲደርቅ ራሱ እንደ ከበሮ ይወጥራል፣ ከመጠን በላይ ከሳባችሁት ግድግዳውን ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል። ጥላ ላይ ሦስት አራት ቀን ይድረቅ። በእነዚህ ቀናት ውሻ ያለበት ግቢ ውስጥ ወንበሩን ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉት፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቅባቱን ከጠፍሩ በፊት ነው የምትጨርሱት። አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ የተልባ ዘይት፣ የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቅለጥ፣ በቀጥታ እሳት ላይ አይሁን። ስስ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ቀቡ፣ በየመካከሉ እስኪደርቅ ቀናት ይወስዳል። ውስጡንም እንደ ውጩ ቀቡት። ውጩ በቫርኒሽ ታሽጎ ውስጡ ራቁቱን ከቀረ እርጥበት በአንድ በኩል ብቻ ይገባል ይወጣል፣ ያ እኩል ለማድረግ የደከምንበት ግድግዳ እንደገና ይዛባል። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨበጠ ጨርቅ ሰው ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ አስጡት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ሐምሌ ላይ ጠፍሩ ትንሽ ይላላል፣ ቆዳ እርጥበት ስለሚስብ ነው። ያኔ አትወጥሩት። ጥቅምት ሲገባ በራሱ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ያኔ መቀመጫውን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ አርሳችሁ፣ የመጨረሻውን ቋጠሮ ፈትታችሁ አንድ ጣት ያህል ሳቡትና መልሳችሁ ቋጥሩት።