ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ኮሚክ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ አሮጌ ኮሚክ ነው። ኦንላይን የሚገዛ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚደርስበት ጥያቄ አለ፦ ባለሙያ አይቶ ደረጃ ያወጣለትን ልግዛ ወይስ ያልወጣለትን?

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ በአጭሩ ላስረዳ። የኮሚኩ ባለቤት ኮሚኩን ለአንድ ድርጅት ይልካል። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ገጽ በገጽ አይተው ከ0.5 እስከ 10 ባለው መለኪያ ነጥብ ይሰጡታል። ከዚያ ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ያሽጉታል። ነጥቡ ከላይ ሌብሉ ላይ ይጻፋል። ሰብሳቢዎች ይህን ነገር ስላብ ይሉታል። በዚህ ሥራ ቀድሞ ስሙ የሚነሳው ሲጂሲ ነው፤ በፈረንጆቹ 2000 የጀመረ ድርጅት። ከዚያ በፊት ገበያው ያው የሻጭ አፍ ነበር። «እንደ አዲስ ነው» ይልሃል፣ ታምናለህ ወይም አታምንም።

እሽጉ ለምን እንዳስፈለገ ለማወቅ አንድ ሽያጭ ይበቃል። በ2014 አንድ የአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ቅጂ ኢቤይ ላይ ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት፣ በ1938 በ10 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው ማለት ነው። ሲጂሲ 9.0 ሰጥቶት ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ በሻጭ ፎቶና በሻጭ ቃል ብቻ የሚያወጣ ሰው የት ይገኛል?

እሺ፣ እኔና እናንተ እሱን አንገዛም። እኛ የምንገዛው በጣም ርካሽ ያልሆነ፣ ግን ቤት የማያሸጥ ኮሚክ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ መሃል ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ዘ ኢንክሬዲብል ሃልክ ቁጥር 181፣ የ1974። ዎልቨሪን የሚባለው ዝነኛ ገጸ ባሕርይ ቁጥር 180 መጨረሻ ገጽ ላይ ብቅ ብሎ ነበር፤ በደንብ የምናየው ግን በ181 ነው። ስለዚህ ሁሉም ይፈልገዋል። በዚያ ዘመን አሳታሚው ማርቭል ኮሚኮቹ ውስጥ፣ የአንባቢ ደብዳቤ በሚወጣበት ገጽ ላይ፣ ትንሽ ሥዕል ያትም ነበር። ማርቭል ቫልዩ ስታምፕ ይባላል። ልጆች በመቀስ ቆርጠው እንዲሰበስቡት የታሰበ ነው። ልጆቹም ታዛዥ ነበሩ፤ ቆረጡ! ዛሬ ሽፋኑ የሚያብለጨልጭ፣ ጠርዙ ያልተነካ 181 ታገኛላችሁ፤ ውስጡ ግን አንድ ገጽ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። ይህች ቀዳዳ ዋጋውን ክፉኛ ትጥለዋለች።

አንድ ጊዜ ያልታሸገ 181 ለሽያጭ ቀርቦ አየሁ። ፎቶ በፎቶ ነው። የፊት ሽፋን፣ የኋላ ሽፋን፣ አራቱም ጥግ በቅርበት፣ የስቴፕል ሽቦዎቹ ሳይቀሩ። የደብዳቤው ገጽ ግን የለም። ለሻጩ «ስታምፑ አለ ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ቶሎ መጣ። ሽፋኑ በጣም ንጹህ እንደሆነ፣ ከአንድ ሰው የድሮ ስብስብ እንደመጣ፣ ሌላም ሰው እየጠየቀው እንደሆነ በትሕትና ነገረኝ። ስለ ስታምፑ አንድም ቃል የለም። እኔም አመስግኜ ተውኩት።

ስታምፑ ኖሮ ይሆናል፤ አላውቅም። ሰውየውንም ሌባ አልለውም። ግን እንዲህ ዓይነት ኮሚክ ሲሆን የታሸገውን የምገዛው በዚህ ምክንያት ነው። ስታምፑ የተቆረጠ ከሆነ ባለሙያው ሳያየው አያልፍም። ወይ ነጥቡ ወርዶ ይመጣል፣ ወይ አረንጓዴ ሌብል ተሰጥቶት ጉድለቱ ይጻፍበታል።

ሌብል ካልኩ አይቀር፣ የሲጂሲ ሌብሎች ቀለም ማወቅ ጥሩ ነው። ሰማያዊው የተለመደው ነው። ቢጫው ድርጅቱ ራሱ ባረጋገጠው ፊርማ ለተፈረመ ነው። ሐምራዊው ደግሞ እድሳት ለተደረገበት ነው፤ እሱን ልብ በሉልኝ።

እድሳት ማለት አንድ ሰው ኮሚኩን ለማሳመር ነካክቶታል ማለት ነው። ሽፋኑ የተላጠበት ቦታ ላይ ቀለም ይቀባል። የተቀደደው በሙጫ ይያዛል። የተጎሳቆለ ጠርዝ አዲስ እስኪመስል በስለት ይቆረጣል። ጥቁር ሽፋን ያለው ኮሚክ ከሆነማ፣ ጀርባው እጥፋት ላይ ያለችውን ነጭ መስመር በማርከር አንድ ጊዜ ሰረዝ ማድረግ ብቻ ነው። በዓይን ስታዩት ሸጋ። በአጉሊ መነጽርና በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ግን ይጋለጣል። በስልክ ከተነሳ ፎቶ ላይ ይህን እለያለሁ የሚል ሰው ካለ እኔ አላምነውም። ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል እኮ! ማርከሩን የያዘው ሰው ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበረ የስምንት ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ኮሚኩን ወዶት ያሳመረ ልጅ።

ሌላው የድሮ ወጥመድ መጠን ነው። የሱፐርማን አሳታሚ ዲሲ በ1974 አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1ን በትልቅ መጠን መልሶ አትሞት ነበር፤ ፌመስ ፈርስት ኤዲሽን ይባላል። ማንንም ለማታለል አልነበረም። ከውጭ ያለው ወፍራም ሽፋን ድጋሚ እትም መሆኑን ይናገራል። ውስጡ ያለው ግን ከነማስታወቂያው የድሮው ግልባጭ ነው። ታዲያ አንዱ ብልጥ የውጭውን ሽፋን ገንጥሎ ሲጥለውስ? የቀረው 1938 የሚል ኮሚክ ነው። ልዩነቱ ቁመቱ ነው፤ ድጋሚ እትሙ 34 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፣ ዋናው ግን 27 እንኳ አይሞላም። ስክሪን ላይ ደግሞ ሁሉም አንድ ያክላል። አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጦ ፎቶ እንዲያነሳላችሁ ጠይቁ። እውነተኛ ሻጭ በዚህ አይቀየምም።

እስካሁን ስትሰሙኝ የፕላስቲክ ሻጭ እመስላለሁ አይደል? እኔ ግን በብዛት የምገዛው ያልታሸገ ነው።

ምክንያቱም ኮሚክ የሚገለጥ ነገር ነው። አሮጌ ኮሚክ ስትገልጡ ወረቀቱ ከጠርዝ ጀምሮ ወደ ውስጥ ቢጫ እየሆነ መሄዱን ታያላችሁ። ከእንጨት የተሠራ ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ስለሆነ ውስጡ ያለው አሲድ ራሱን ይበላዋል። አንዳንዱ ገጽ አሁንም ለስላሳ ነው፤ አንዳንዱ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ሽፋኑ ላይ ጋዜጣ ሻጩ የደረሰበትን ቀን በማህተም መትቶበታል። በእስክሪብቶ የልጅ ስም የተጻፈበትም አለ። ጡንቻ ስለሚያሳድግ መሣሪያ፣ ውሃ ውስጥ ስለሚፈለፈል የቤት እንስሳ የሚያወራ ማስታወቂያ አለ። ደራሲውን «ባለፈው ወር ተሳስተሃል» ብሎ የሚገስጽ የአንባቢ ደብዳቤም አለ። እሽጉ ውስጥ ሲገባ ይህ ሁሉ ይቀርና የሚታየው ሁለት ሽፋን ብቻ ነው። ገንዘቡን ከፍላችሁ ባለቤቱ ሆናችሁ፣ ታሪኩን ግን ማንበብ አትችሉም። ለኔ ይህ በጣም የሚገርም ነገር ነው።

ቁጥሩም ቢሆን እንደ ሃይማኖት መያዝ የለበትም። በጣም በሚፈለጉ ኮሚኮች ላይ በ9.6 እና በ9.8 መሃል ዋጋው እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ልዩነቱን ፈልጉ እስኪ። ብዙ ጊዜ እኔ አላገኘውም። ነጥብ የሚሰጠው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ እንደ ፈተና አራሚ ጠዋትና ማታ እጁ ይለያያል። ይህን የሚያውቁ ነጋዴዎች አሉ። እሽጉን ይሰብሩታል፣ ኮሚኩን በሙቀትና በጫና ያስተኩሱታል፣ መልሰው ይልኩታል፣ ከፍ ያለ ነጥብ ይዘው ይመለሳሉ። መተኮስ በሲጂሲ ዘንድ እንደ እድሳት አይቆጠርም፤ ስለዚህ ሌብሉ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀጥላል።

እሽጉ ራሱም አይደፈርም ማለት አይደለም። በ2023 መገባደጃ ላይ ይህ ነገር ፈንድቶ ሰብሳቢውን ሁሉ አስደንግጧል። የሲጂሲ እሽጎች ተከፍተው፣ ጥሩው ኮሚክ ወጥቶ በደከመ ቅጂ ተተክቶ ነበር። ከዚያ እሽጉ ተበላሽቷል ተብሎ አዲስ ፕላስቲክ እንዲደረግለት ለራሱ ለድርጅቱ ይላካል። ድፍረቱን እዩልኝ! ስለዚህ የታሸገም ስትገዙ ሌብሉ ላይ ያለውን ቁጥር ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ አረጋግጡ። ጠርዙን እዩ፣ ተሰንጥቆ የተያያዘ ነገር ካለ ተጠራጠሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮሚኩን እዩት። 9.6 ብሎ ጥጉ ላይ የታጠፈ ነገር የሚታይ ከሆነ ዓይናችሁን እመኑ።

ታዲያ እንዴት ነው የምመርጠው? አንዲት ጥያቄ አለችኝ፦ ይህ ኮሚክ ለምን አልታሸገም? ርካሽ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው። የማሳሸጊያው፣ የመላኪያውና የመመለሻው ሒሳብ ከኮሚኩ ዋጋ ይበልጣል፤ ማንም አይደክምበትም። እንዲህ ያለውን ያለ ስጋት ነው የምገዛው። ውድ የሆነ፣ ሁሉም የሚፈልገው ኮሚክ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ሻጩ «ብልከው 9.4 ያመጣል» ብሎ ጽፏል። ታዲያ ለምን አልላክኸውም ወንድሜ? ብትልከው የምታተርፈው አንተ ነህ። አንዳንዴ ጥሩ መልስ አለ። ገንዘቡ ዛሬ ያስፈልገዋል፣ ወይም ከቤተሰብ የወረሰው ሰው ስለሆነ ሥርዓቱን አያውቅም። ብዙ ጊዜ ግን ልኮ ያገኘውን ነጥብ አልወደደውም፤ ወይም ምን እንደሚያመጣ አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ሻጭ በራሱ የሰጠውን ነጥብ እንደሌለ እቆጥረዋለሁ። የምከፍለው ፎቶው ለሚያሳየኝ ነገር ብቻ ነው።

ፎቶውስ ምን ያሳያል? መጀመሪያ የማየው ያልታሸገው ኮሚክ ከሚቀመጥበት ስስ ላስቲክ ወጥቶ መነሳቱን ነው። ላስቲክ ውስጥ እንዳለ የተነሳ ፎቶ ላይ ነጸብራቁ የሽፋኑን እጥፋት ሁሉ ይውጠዋል። መብራቱ ከጎን የመጣበት አንድ ፎቶ ከአሥር የፊት ለፊት ፎቶ ይሻለኛል፤ ስብራቱ ጥላ ስለሚሠራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ መሃሉን ገልጦ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ። መካከለኛው ወረቀት ከሽቦው ጋር እንደተያያዘ ነው? ሽቦው ዝጓል? ዝገቱ ወረቀቱ ላይ ተላልፎ ቡናማ ሆኗል? የተገነጠለ ገጽ አለ? እዚህ ድረስ በትዕግሥት የመለሰልኝ ሻጭ ካገኘሁ ነጥብም አልጠይቅ፤ ሌላ ምን አለህ ነው የምለው።

በነገራችን ላይ፣ የታሸገ ኮሚክ ፎቶ ላይ ለማየት የባሰ ነው። ፕላስቲኩ ይጫራል፣ ያንጸባርቃል፣ ስንጥቁ የኮሚኩ ይሁን የፕላስቲኩ አይታወቅም። ይህን ማንም አያወራውም።

አሁን እጄ ላይ አንድ የታሸገ አለ። ነጥቡ መካከለኛ ነው፣ ሰማያዊ ሌብል፣ የ1970ዎቹ ታሪክ። የገዛሁት ያኔ በታሸገ መልኩ ብቻ ስላገኘሁት ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የታሸገውና ያልታሸገው ዋጋ ብዙም አይራራቅም። አንድ ጓደኛዬ «እንዳትሰብረው፣ ቁጥሩ ይሞታል» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እሽጉ አንዴ ከተከፈተ ያ ነጥብ ወረቀት ላይ የቀረ ቃል ነው። ሌብሉን ላስቲኩ ውስጥ ከኮሚኩ ኋላ ባስቀምጠው እንኳ ቀጣዩ ገዢ የሚያምንበት ምክንያት የለም።

እኔ ግን እከፍተዋለሁ። ሁለተኛው ታሪክ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም እኮ፤ ሽፋኑ የሚነግረኝ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አከፋፈቱን የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፦ ከጥግ ነው የሚጀመረው ከጎን? ውስጥ ያለው ስስ ላስቲክስ እንዴት ነው የሚወጣው፣ ጥጉ ሳይታጠፍ? በሚቀጥለው እንገናኝ። ቻው!