ዲ ኤንድ ዲ፣ ሰይጣንና የወላጅ ሂሳብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፤ ልጆቹ ዲ ኤንድ ዲ ስለሚሉት ጨዋታ። ሰው ለምን እንደፈራውና ያጠኑት ሰዎች ምን እንዳገኙ። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ስክሪን አያስፈልገውም። አራት አምስት ሆነው ጠረጴዛ ይከባሉ። እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባህሪ ይፈጥራል፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዷ አስማተኛ። ታሪኩን የሚመራው ዳንጀን ማስተር ይባላል። እሱ "ድልድዩ ላይ አንድ ግዙፍ ፍጡር ቆሟል፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። እነሱ ይመልሳሉ። ሀሳባቸው ይሳካ አይሳካ፣ ሀያ ገጽ ያለው ዳይስ ይወስናል። ጨዋታው የወጣው በ1974 ነው፤ ፈጣሪዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ይባላሉ። የመጀመሪያው አሳታሚ ዊስከንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር።

ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ሜሪላንድ፣ የሰፈራችን ላይብረሪ ውስጥ ይጫወታል። አንድ ቀን መጽሐፍ የማነብ መስዬ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ጦረኛው ልጅ "አንገቱን በሰይፍ እለዋለሁ!" አለና ዳይሱን ወረወረ። ሶስት ወጣ። ሶስት ማለት ውርደት ነው። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ሰይፉ ከእጁ አምልጦ ወንዝ ገባ ተባለ። ልጁ ራሱን ይዞ ትንሽ ካዘነ በኋላ፣ በዚያው ትንፋሽ "ቺፕሱን ወዲህ በሉት" አለ። ከዚያ ደግሞ ፍጡሩን በጉቦ እንደልለው፣ አንደልለው የሚል ሙግት ተነሳ። ሀያ ደቂቃ! ፓርላማ በሉት።

አክስቴ ግን ሌላ ነገር ሰምታለች። ከቤተክርስቲያን ስትወጣ አንዷ ነግራታለች። "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ልጅ ምን ውስጥ ነው የከተትሽው? ሰይጣን መጥራት ነው አሉ የሚያስተምሯቸው!" አለችኝ በስልክ። "ኧረ እትዬ፣ ጨዋታ ነው" አልኳት። "ጨዋታማ ሁሉም ጨዋታ ነው" ብላ ዘጋችው። ይሄ ወሬ ከአርባ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አክስቴ ጋ ዘግይቶ ደረሰ እንጂ አዲስ አይደለም።

ነሐሴ 1979 ነው። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የ16 ዓመት ተማሪ ጠፋ። ዕድሜውን አያችሁ? 16 ዓመቱ፣ ዩኒቨርሲቲ። ቤተሰቡ ዊልያም ዲር የሚባል የግል መርማሪ ቀጠሩ። ልጁ ዲ ኤንድ ዲ ይጫወት ነበር። ከግቢው ስር ደግሞ የእንፋሎት ቧንቧ የሚያልፍባቸው ዋሻዎች አሉ። መርማሪው ሁለቱን አገጣጠመና፣ ምናልባት ጨዋታውን እውነት አድርጎት ዋሻው ውስጥ ጠፍቶ ይሆናል አለ። ጋዜጦቹ "ምናልባት"ን ጣሏት። ልጁ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ሉዊዚያና ውስጥ በህይወት ተገኘ። ወደ ዋሻው የገባው ሊጫወት ሳይሆን ራሱን ሊያጠፋ ነበር። ድባቴ ነበረበት፣ የትምህርት ጫና ነበረበት፣ ብቸኝነትም ነበረበት። በ1980 ራሱን አጠፋ። መርማሪው ሙሉውን ታሪክ በመጽሐፍ ያወጣው በ1984 ነው። እስከዚያ ድረስ በወሬው ላይ ልብወለድ ተጽፏል፤ ወጣቱ ቶም ሀንክስ የተወነበት የቴሌቪዥን ፊልምም ተሰርቷል። ከዚህ በኋላ ማን ያርመዋል?

በ1982 ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ፓትሪሺያ ፑሊንግ የምትባል እናት ልጇ ራሱን አጠፋባት። ትምህርት ቤት ውስጥ ሲጫወት በገጸ ባህሪው ላይ እርግማን ተጥሎበት ነበር፣ የገደለው ያ ነው አለች። የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር ከሰሰች፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። ከዚያ ባድ የሚባል ጸረ ዲ ኤንድ ዲ ማህበር መሰረተች። በ1985 ሲክስቲ ሚኒትስ የሚባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበች፤ ጋይጋክስም በዚያው ዝግጅት መልስ ሰጠ። እሷ ያዘነች እናት ናት፤ እሱ ጨዋታውን የሚሸጥ ነጋዴ። ተመልካቹ ለማን እንደሚያዝን መገመት ከባድ አይደለም።

እሷ ላይ መሳቅ አልችልም። እዚህ አገር ስንት ለቅሶ ደርሰናል። ወጣት ልጅ ሲሞት፣ ሻይ እየተቀዳ "ምን ሆኖ ነው?" ይባላል። አንዱ ሀሺሽ ያጨስ ነበር ይላል፣ ሌላው ጓደኛ ነው ያበላሸው፣ ሌላው ስልኩ ነው። ሁላችንም አንድ ስም እንፈልጋለን፣ አንድ ስም ከተገኘ የኔ ልጅ ይድናል ብለን። ድባቴ የሚለውን ግን ማንም ጮክ ብሎ አይልም።

ፑሊንግና ማህበሯ ከጋዜጣ እየቆረጡ ራሳቸውን ያጠፉ ወይም ወንጀል የሰሩ ተጫዋቾችን ሰበሰቡ። ዝርዝሩ ሲነበብ ያስደነግጣል። ማይክል ስታክፖል የሚባል የጨዋታ ደራሲ በ1990 ቁጭ ብሎ ዝርዝሩን መረመረ። የያዘው ነጥብ ሂሳብ ነው። እኔም በራሴ መንገድ ላስላው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉ 100,000 ወጣቶች በዓመት 12 ያህሉ ራሳቸውን ያጠፉ ነበር። ተጫዋቹ አንድ ሚሊዮን ብቻ ነበር እንበል። ጨዋታው ምንም ባያደርግ እንኳ፣ ከመሃላቸው በዓመት 120 ልጅ ይሞታል ማለት ነው። ስለዚህ የሟቾች ዝርዝር ብቻውን ምንም አይነግረንም። የማይጫወቱትስ ስንት ናቸው? እሱን የቆጠረ አልነበረም። ቁጥሩ ራሱ ግን ያስለቅሳል። መቶ ሃያ ቤት።

ተመራማሪዎቹም ገቡበት። በ1987 አርማንዶ ሳይመን 68 ተጫዋቾችን የስብዕና መጠይቅ አስሞላ። ጨዋታውን ብዙ የተጫወተ ሰው ስሜቱ ይበልጥ የተናወጠ ነው ወይ? አላገኘም። በ1991 የወጣ ሌላ ጥናት ተጫዋቾች ከሌላው የበለጠ ወንጀል እንደማይሰሩ አሳየ፤ ያውም በራሳቸው አንደበት ተጠይቀው። እውነቱን ለመናገር ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው። 68 ሰው አንድ ሰርግ ላይ ከአንድ ወገን የሚመጣ ዘመድ አይሞላም። ጨዋታው ለማንም አይጎዳም ብለው አላረጋገጡም። ያ ሁሉ ጩኸት የሚለው ጉዳት ግን ሲፈለግ አልተገኘም።

እኔን የያዘኝ የሶሺዮሎጂስቱ የጋሪ አለን ፋይን ስራ ነው፤ በ1983 የታተመው። መጠይቅ አልበተነም። ሚኒያፖሊስ አካባቢ ከተጫዋቾቹ ጋር ተቀምጦ አብሮ ተጫወተ። ያየው ይሄ ነው፤ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሰው በሶስት ደረጃ ይኖራል። አንደኛ ራሱ ነው፣ የሚርበው፣ ቤቱ የሚገባው። ሁለተኛ ተጫዋች ነው፣ ህጉን የሚያውቅ፣ ዳይስ የሚቆጥር። ሶስተኛ ገጸ ባህሪው ነው። ሰዎቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘሉ ማንም አይደናገርም። ይሄን ሳነብ ያ የቺፕሱ ልጅ ትዝ አለኝ። ቺፕስ የጠየቀው ጦረኛው አይደለም።

ግን ግድግዳው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ከገጸ ባህሪው ወደ ተጫዋቹ፣ ከተጫዋቹም ወደ ገጸ ባህሪው ስለሚሻገረው ስሜት ብዙ ይጽፋሉ። ብሊድ ይሉታል። ልጄ ስድስት ወር የተጫወተበት ገጸ ባህሪ ሞቶበት ማታ እራት አልበላም አለ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በኋላ ስናወራ፣ ያናደደው ሞቱ አልነበረም፤ ጓደኛው ሊያድነው እየቻለ ወርቁን መርጦ መሄዱ ነው። ያ ደግሞ እውነተኛ ጓደኛው ነው። ወላጅ ማየት ያለበት እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሰይጣኑን ትታችሁ፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለሚገርመኝ። በዚያው በጨዋታው አገር፣ ዊስከንሲን፣ ዋፑን የሚባል እስር ቤት አለ። አንድ እስረኛ በእጁ የጻፈው 96 ገጽ የጨዋታ ታሪክ በ2004 ተወሰደበት። የእስር ቤቱ ምክንያት ሰይጣን አልነበረም፤ አንድ መሪ ሌሎቹን ስለሚያዝ የጋንግ አደረጃጀት ይመስላል ነው። እስረኛው ከሰሰ። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2010 ለእስር ቤቱ ፈረደ፤ ጨዋታው እዚያ ጋንግ ስለመፍጠሩ ማስረጃ ሳይቀርብ። ዳንጀን ማስተሩን የሚሰማው ልጅ ቢኖር እኮ! ላይብረሪው ውስጥ ያየሁት ምስኪን "እባካችሁ አንድ በአንድ ተናገሩ" እያለ ነበር የሚለምነው።

አሁን ደግሞ ንፋሱ ዞሯል። ቴራፒስቶች ጨዋታውን ዓይን አፋር ልጆችን ለማግባባት ይጠቀሙበታል፤ ጥናት እየተሰራ ነው፣ ተስፋ ሰጪም ነው፣ ግን እዚህም ናሙናው ትንሽ ነው። የወላጆች ግሩፓችን ላይ አንዱ አባት "ልጄን ቀየረው፣ ሁላችሁም አስገቡ" ብሎ የሚከፈልበት ፕሮግራም ላከልን። ደስ ይላል፣ ልጁ ተለውጦ ከሆነ። እኔ ግን ጀምረው ያቋረጡት ልጆች ስንት ናቸው ብዬ ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰልኝም። ከመለሰ እነግራችኋለሁ። ቸር ሰንብቱ።